የታወቀ የሮክ አልበምን እንደገና ሚክስ ለማድረግ የማን ፈቃድ ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ለንደን ነው፤ ሙያዬም የድምፅ ቅንብር ነው። የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» አልበም ገዝቼ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚሠራ ሶፍትዌር ድምፆቹን ለያየሁ። ከዚያም የድምፃዊቷን የክሌር ቶሪን ድምፅ፣ የዲክ ፓሪን ሳክስፎንና የአጃቢ ድምፃውያኑን ድምፅ ወደ ፊት አውጥቼ አልበሙን በሙሉ እንደገና ሚክስ አደረግሁ፤ ማለትም የድምፆቹን ሚዛን ቀይሬ አቀናበርሁት። ሙዚቀኞቹ ተቀጥረው የተጫወቱ ስለሆኑ ብዙ ሰው አያውቃቸውም። ስማቸውን ጠቅሼ፣ ገንዘብም ሳላገኝበት ዩትዩብ ላይ ብጭነው እጠየቃለሁ? አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ቢጭነውስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ ቁርጡን ልንገርዎ። አልበሙን በዚህ መልክ ያለ ፈቃድ ለሕዝብ ማቅረብ በእንግሊዝ ሕግ የቅጂ መብትን መጣስ ነው። ገንዘብ አለማግኘትዎም ሆነ የሙዚቀኞቹን ስም መጥቀስዎ ከኃላፊነት አያድንዎትም። ይሁንና ሥራውን የጀመሩት ከባንዱ ጀርባ ለቆሙት ሙዚቀኞች ተቆርቁረው በመሆኑ፣ ሕጉ ለእነርሱ ለራሳቸው ምን መብት እንደሰጣቸው በዝርዝር ማስረዳት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

በአንድ የሙዚቃ ቅጂ ላይ ሦስት መብቶች ተደራርበው ይገኛሉ። የመጀመሪያው የግጥምና የዜማ ደራሲዎች መብት ሲሆን፣ ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላም ለ70 ዓመት ይጸናል። ሁለተኛው የድምፅ ቀረጻው ፕሮዲውሰር፣ ማለትም ቀረጻውን ያዘጋጀው ሰው ወይም ኩባንያ መብት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ በቀረጻው ላይ የተጫወቱትና ያቀነቀኑት ከዋኞች መብት ነው። እነዚህ ሁለቱ ቀድሞ ለ50 ዓመት ይጠበቁ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2013 ወዲህ ግን ዘመኑ ወደ 70 ዓመት ከፍ ብሏል። አልበሙ ለገበያ የዋለው በማርች 1973 ስለሆነ፣ ከዓመቱ መጨረሻ ሲቆጠር የቀረጻው ጥበቃ እስከ 2043 መጨረሻ ይዘልቃል። ሶፍትዌሩ ድምፆቹን መለያየቱ አዲስ ቀረጻ አያደርጋቸውም፤ ኮምፒውተርዎ ላይ ተነጥሎ የሚሰማው የቶሪ ድምፅ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ውስጥ በቴፕ የተያዘው ያው ድምፅ ነው።

የክሌር ቶሪን ጉዳይ ጠጋ ብለን ብናየው የነገሩን ክብደት ያሳየናል። ጃንዋሪ 21 ቀን 1973 የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ሪቻርድ ራይት በሠራው የፒያኖ ሙዚቃ ላይ እንድታቀነቅን ተጠርታ ወደ ስቱዲዮው ገባች። መጀመሪያ ቃላት ጣል እያደረገች ስትሞክር ቃል እንደማይፈልጉ ነገሯት፤ ከዚያ በኋላ የገዛ ድምፅዋን እንደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ቆጥራ ያወጣችው ዜማ ነው ዛሬ «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» በተባለው ሥራ ላይ የምንሰማው። የተከፈላት 30 ፓውንድ ነበር፤ ያውም ዕለቱ እሑድ በመሆኑ እጥፍ ታስቦ ነው። በደራሲነት ተመዝግቦ የኖረው ግን ራይት ብቻ ነበር። በ2004 ባንዱንና ኢኤምአይ የተባለውን የሙዚቃ ኩባንያ የከሰሰችው፣ ዜማውን እዚያው ያፈለቀችው እርሷ ስለሆነች የድርሰቱ ተጋሪ ናት በሚል ምክንያት ነው። ክርክሩ በ2005 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ በሚወጡት ቅጂዎች ላይም ስሟ በደራሲነት ከራይት ጎን ሰፍሯል።

በስምምነት ያለቀ ጉዳይ ለሌሎች ክርክሮች አስገዳጅ አይሆንም። ሆኖም በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት በ2009 በሰጠው ፍርድ፣ የፕሮኮል ሃረም ባንድ የኦርጋን ተጫዋች የነበረው ማቲው ፊሸር በ1967 በተቀረጸ ዘፈን ላይ ከዜማው መብት 40 ከመቶ እንዲያገኝ የተሰጠውን ውሳኔ አጽንቶለታል። ወደ አርባ ዓመት ገደማ ዘግይቶ መጠየቁም መብቱን አላሳጣውም። ስለዚህ ቀረጻ ላይ የተጫወተ ሰው ድርሻው በቀን ክፍያው አብቅቷል ብሎ መደምደም አይቻልም። በእርስዎም ሥራ የቶሪን ድምፅ ነጥለው ሲያወጡ የደራሲነት መብቷንም የቀረጻውን መብትም በአንድ ጊዜ ይነካሉ፤ የቀረጻው ባለቤት ቢፈቅድልዎ እንኳ የደራሲዎቹ ፈቃድ ለብቻው ያስፈልጋል።

ሳክስፎኑን «መኒ» እና «አስ ኤንድ ዜም» ላይ የተጫወተው ዲክ ፓሪ፣ እንዲሁም አጃቢዎቹ ዶሪስ ትሮይ፣ ሌስሊ ደንከን፣ ሊዛ ስትራይክና ባሪ ሴንት ጆን በደራሲነት አልተመዘገቡም። ለእነርሱ የሚጠቅመው ብዙ ሰው የማያውቀው የ2013ቱ ማሻሻያ ነው። አንድ ከዋኝ መብቱን ለፕሮዲውሰሩ ያስተላለፈው በአንድ ጊዜ ክፍያ ከሆነ፣ ቀረጻው 50 ዓመት ከሞላው በኋላ ፕሮዲውሰሩ ከቅጂ ሽያጭና ከኢንተርኔት ስርጭት ከሚያገኘው ጠቅላላ ገቢ 20 ከመቶውን ለእነዚህ ከዋኞች እንዲከፋፈል በየዓመቱ የማስረከብ ግዴታ አለበት። ይህን መብት በውል ማስቀረት አይቻልም። ለዚህ አልበም ግዴታው መሥራት የጀመረው ከ2024 ወዲህ ነው። እንግዲህ ያስቡት፤ አድማጩ ሕጋዊውን ቅጂ ትቶ የእርስዎን ሲያዳምጥ፣ ሊያከብሯቸው ለተነሡት ሰዎች ወይም ለወራሾቻቸው ከዚያ ገቢ የሚደርሳቸው ነገር አይኖርም። ከሕጉ ዝርዝር ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

ለግልዎ ብቻ ስለሠሩት ቅጂም ልጠቁም። እንግሊዝ በ2014 የግል ቅጂን የሚፈቅድ ድንጋጌ አውጥታ የነበረ ቢሆንም ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2015 ሽሮታል፤ ስለዚህ በጥብቅ ሲታይ ቤት ውስጥ የሚቀርም ቅጂ ሕጋዊ ሽፋን የለውም። በተግባር ግን ወደ ክርክር የሚያመራው ለሕዝብ ማቅረቡ ነው።

ለዓላማዎ የሚስማማው መንገድ ጥቅስ ነው። ከኦክቶበር 2014 ጀምሮ ሕጉ ለሕዝብ ከቀረበ ሥራ ላይ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ አጠቃቀሙ ፍትሐዊ፣ ርዝመቱም ለተፈለገው ዓላማ ከሚያስፈልገው ያልበለጠ፣ ምንጩም የተገለጸ መሆን አለበት። ለምሳሌ የፓሪ ሳክስፎን የሚገባበትን ጥቂት ሰከንድ አሰምተው፣ ሚክሱ ውስጥ የት እንደተቀመጠና ከጊታሩ ጋር እንዴት እንደሚቀባበል በራስዎ አንደበት ቢያስረዱ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ነጥብ ቢሻገሩ፣ ጠንካራ መከራከሪያ ይኖርዎታል። ሙሉውን ዘፈን አሰምቶ መጨረሻ ላይ አጭር ማብራሪያ መጨመር ግን ጥቅስ አይባልም። ማስረጃ የሚሆነው ማብራሪያዎ ነው፤ ሙዚቃው ማብራሪያውን መከተል አለበት።

ወንድምዎን በተመለከተ፣ ይህን አያድርጉት ብዬ በጥብቅ እመክራለሁ። ቅጂው የተሠራው ለንደን ውስጥ ነው፤ ቪዲዮው በእንግሊዝ ያሉ አድማጮችን እስካነጣጠረ ድረስም ከየትም ይጫን፣ ጉዳዩ በእንግሊዝ ሕግ ሊታይ ይችላል። ወንድምዎንም ያለ ጥፋቱ ተባባሪ ያደርጉታል። ከዚያ በፊት ግን የዩትዩብ አውቶማቲክ መለያ ድምፁን ሊያውቀውና ባለመብቱ ቪዲዮውን ሊያግደው ወይም የማስታወቂያ ገቢውን ሊወስድ ይችላል። መደበኛ የማስወገጃ ጥያቄ ከቀረበብዎ ደግሞ ቅጣት ይመዘገብብዎታል፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ቢደርስብዎ ቻናልዎ ሊዘጋ ይችላል። ፍርድ ቤት ከተደረሰ፣ እስከ 10,000 ፓውንድ የሚደርስ ክስ በአእምሯዊ ንብረት ፍርድ ቤቱ የአነስተኛ ክሶች ክፍል ይታያል።

ሙሉ ሚክሱን ለማቅረብ ከጸኑ ሁለት ደብዳቤ ይጻፉ። አንደኛው ለቀረጻው ባለመብት ነው፤ ሶኒ ሙዚቃ የባንዱን የቀረጻ መብቶች በ2024 መግዛቱ በሰፊው የተዘገበ ሲሆን የግጥምና ዜማው መብት በዚያ ሽያጭ አልተካተተም። ሁለተኛው ስለዚህ ለዜማው አሳታሚዎች ይሆናል፤ ማንነታቸውን ፒአርኤስ በተባለው የደራሲዎች መብት ሰብሳቢ ድርጅት በኩል ማጣራት ይችላሉ። በደብዳቤዎቹ የትኞቹን ድምፆች እንዳጎሉ፣ ርዝመቱን፣ የት እንደሚያቀርቡትና ገቢ እንደማይኖረው በግልጽ ያስፍሩ፤ ሚክሱን ግን ከደብዳቤው ጋር አያያይዙ። መልስ ካልመጣ እንደተከለከሉ ይቁጠሩት። ያን ጊዜ የትንታኔ ቪዲዮውን በጥቅስ ልክ ይሥሩ፤ ከመጫንዎ በፊትም የተጠቀሙባቸውን ክፍሎች በደቂቃና በሰከንድ የሚያሳይ ዝርዝር አዘጋጅተው ለሕግ ባለሙያ ያሳዩ።