ቆሞ የከረመ ሞተር ሳይክል ሲመጣላችሁ

ልጆቼ እንደምን ናችሁ፣ እኔ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ፀጉሬ እስኪሸብት ሞተር ሳይክል ስሰራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ክረምቱ ሲወጣ ሰው ቤት ያስቀመጠውን ሞተር እየገፋ ወደ ጋራዥ ይመጣል፣ አንዳንዱ ሁለት ወር ነው የቆመው አንዳንዱ ደሞ ልጁ አረብ አገር ከሄደ ጀምሮ ጨርቅ ለብሶ ጓዳ የከረመ ነው፣ እና ሁለት ሶስቴ ረግጣችሁት እምቢ ሲል ቶሎ ብላችሁ ለባለቤቱ "ሞተሩ መከፈት አለበት" ስትሉ እሰማለሁ። እሱ ነገር ያሳስበኛል።

እስኪ አስቡት፣ ሲቆም እኮ ደህና እየሄደ ነበር። በቆመበት ፒስተን አይበላም ማርሽ አይሰበርም፣ በቆመበት የሚበላሸው ቤንዚኑ ነው። ቤንዚን ሲቆይ ቶሎ እሳት የሚይዘው ቀለል ያለው ክፍሉ እየተነነ ይሄድና የቀረው እንደ ሙጫ እየጠነከረ ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ውስጥ ይለጠፋል። ካርቡሬተር ውስጥ ሞተሩ ሲነሳና በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡት በቀስታ) ሲሰራ ቤንዚን የምታሳልፍ ትንሽ የነሐስ ብሎን አለች፣ ቀዳዳዋ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ እሷ ከተዘጋች ቀኑን ሙሉ ብትረግጡ አይነሳም።

ይሄን የተማርኩት በሰው ገንዘብ ነው። ጀማሪ እያለሁ አንድ የጤና ባለሙያ ያማሃ ዲቲ 125 ይዞልኝ መጣ፣ ስልጠና ሄዶ ሶስት ወር ቆሞበት ነበር። ምንም ሳልጠይቅ ቴስታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክዳን) ከፈትኩ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ቀየርኩ ከደሞዙ ላይ አስከፈልኩት፣ ገጠምኩት አሁንም አልነሳም። አለቃዬ መጡና አንድ ቃል ሳይናገሩ ካርቡሬተሩን አውርደው ያቺን ብሎን በአየር ነፍተው መለሷት፣ በሁለተኛው እርግጫ ተነሳ። ገንዘቡን ልመልስለት ስፈልገው ወደ ሌላ ወረዳ ተቀይሮ ሄዷል። እስከዛሬ ይቆጨኛል ወላሂ።

ስለዚ መጀመሪያ ጠይቁ፣ መቼ ቆመ፣ ሲቆም እንዴት ነበር፣ ቤንዚኑ የመቼ ነው። የቤንዚን እጥረት ስላለ ሰው በጀሪካን አቆይቶ የሚጨምረውም አለ እኮ። ከዛ ቁልፉንና እጀታው ላይ ያለውን ማጥፊያ እዩ፣ የሰርባቶዮውን (የቤንዚን ማጠራቀሚያውን) ክዳን ከፍታችሁ አሽትቱ፣ እንደ ቫርኒሽ ከሸተተ አትከራከሩ ድፉት። ትንሽ በብርጭቆ ጠርሙስ ቅዱና ለትንሽ ደቂቃ አስቀምጡት፣ ውሃ ካለው ከስር ይተኛል ዝገትም ካለ ይታያል። የካርቡሬተሩንም ቤንዚን የሚጠራቀምበትን ታችኛውን ስኒ አራግፉ አዲስ ቤንዚን ስጡት፣ ለብዙው ይሄ ብቻ ይበቃዋል።

ካልሆነ እሳት የሚፈነጥቀውን ካንዴላ ፍቱ። ከብዙ እርግጫ በኋላም ደረቅ ከሆነ ቤንዚን እየደረሰ አይደለም መንገዱን ፈልጉ፣ ከራሰ ደሞ ወይ ቤንዚን በዝቶበታል ወይ እሳት የለውም። እሳቱን ስታዩ ካንዴላውን ከብረቱ ጋር አስነክታችሁ ነው፣ የፈሰሰ ቤንዚን አጠገብ ግን በፍፁም። ባትሪ ያለው ከሆነ ለኩት፣ ሞልቶ ሲያድር 12.6 ቮልት አካባቢ ነው፣ ወደ 12 ከወረደ ሞተሪኖውን (በባትሪ የሚያስነሳውን) አትጫኑት መጀመሪያ ቻርጅ ይደረግ።

ያቺን ብሎን ስትፈቱ ልኳ የሆነ ካቻቢቴ ተጠቀሙ ነሐስ ለስላሳ ነው ጫፉ ቶሎ ይላጣል። በመርፌ ወይ በብረት ሽቦ አትውጓት፣ ቀዳዳዋ ከሰፋ ሞተሩ ሁሌ ቤንዚን ይበዛበታል። በአየር ንፉ፣ ካልሆነ ከመብራት ገመድ አንዷን ቀጭን የመዳብ ክር ቀስ አርጋችሁ አሳልፉባት።

ሌላው የአገራችን ነገር ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት ደሴ 2,500 አካባቢ፣ በመሃላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት ስትወጡ አየሩ ይሳሳል ቤንዚኑ ግን ያው ነው፣ ስለዚ ኮምቦልቻ ላይ በደንብ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደሴ ሲደርስ ቤንዚን ይበዛበታል። የደሴ ጠዋት ደሞ ጉም ነው ብርድ ነው፣ ሲነሳ አየር ቀንሶ ቤንዚን የሚያበዛለት ቾክ ያስፈልጋል፣ ግን ስቦ መርሳት ካንዴላውን ያርሰዋል። እንደተነሳ ቀስ እያላችሁ መልሱት።

አመትና ከዛ በላይ የቆመ ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ አትርገጡ። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ ዘይት አድርጉና እስኪርስ ቆዩ፣ ከዛ መርገጫውን በእጃችሁ ቀስ አርጋችሁ ገፋ ገፋ። ሞተሩን ከማርሹ የሚለየው ፍሪሲዮንም ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል ፍሪሲዮን ይዣለሁ ብላችሁ ማርሽ ስታስገቡ ዘሎ ሊሄድባችሁ ይችላል። በቁልቁለት አስነሳዋለሁ ብሎ ፍሬኑን ሳያይ ሐረጎ ላይ የሚለቅ ልጅ አይቻለሁ፣ እባካችሁ እንዲህ አታርጉ፣ እዛ መንገድ ላይ ሲኖትራክ ነው የሚወጣው።

ሲነሳም በሩን ክፈቱ። ደሴ ብርድ ነው ተብሎ በተዘጋ ክፍል ሞተር ማሰራት ሰው ይገድላል፣ ጭሱ ውስጥ ያለው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ራስ ምታትና እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላችሁ ዘግይቷል።

ለባለቤቱ ደሞ ሂሳቡን ስትቀበሉ አስረዱት፣ ድጋሚ የሚያቆመው ከሆነ ሰርባቶዮውን በአዲስ ቤንዚን ሞልቶ፣ የቤንዚኑን መክፈቻ ዘግቶ፣ ሞተሩ በራሱ ጨርሶ እስኪጠፋ ያሰራው፣ ከባትሪው ኔጌቲቩን ይፍታ በወር አንዴም ቻርጅ ያድርገው። የምትነግሩት እናቱ ከሆኑም ወረቀት ላይ ፃፉላቸው፣ ልጃቸው ሲደውል ያነቡለታል።