አሮጌው ማይክ ሳውንድ ካርድ ላይ ሲሰካ ድምፁ ለምን ይታፈናል?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ቤቴ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ አለኝ። ከአባቴ የቀረልኝን አሮጌ ማይክ ጃክን ወደ ካነን (ባለ ሦስት ፒን ክብ የማይክ መሰኪያ) በሚቀይር ኬብል ሳውንድ ካርዴ ላይ ሰካሁት። ድምፁ ደካማና የታፈነ ነው፤ ከሥሩም እዝዝ ይላል። መሰኪያው የሚጠመዘዝ ሲሆን መሃሉ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ አለው። ማይኩ ሞቷል ማለት ነው?

መልስ፦ ሞቷል ለማለት ገና ነው። እንዲህ ያለ ባለ አንድ ነጥብ መሰኪያ አብዛኛውን ጊዜ የሃይ ኢምፒዳንስ ማይክ (በኦም የሚለካው የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ከፍተኛ የሆነ) ምልክት ነው። የሳውንድ ካርድ የካነን መግቢያ ግን የራሱ ኢምፒዳንስ 2 ኪሎ ኦም ገደማ ነው። 50 ኪሎ ኦም የሆነ ማይክ እዚያ ላይ ሲሰካ ካመነጨው ቮልቴጅ የሚተርፈው 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ትሬብሉም (ቀጭኑ ድምፅ) አብሮ ይጠፋል።

ከሁሉ በፊት 48 ቮልቱን ፋንተም (ሳውንድ ካርዱ በካነኑ በኩል ለማይክ የሚልከውን ኤሌክትሪክ) ያጥፉ። በእንዲህ ዓይነቱ ኬብል ካነኑ ውስጥ ፒን 3 ከግራውንድ ጋር ስለሚያያዝ፣ እስከ 7 ሚሊ አምፔር በቀጥታ በማይኩ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል።

ቀጥሎ ማይኩን ነቅለው በመሃሉ ነጥብና በመሰኪያው ብረት መካከል በመልቲሜትር ኦም ይለኩ። ሪበን ማይክ (በስስ የብረት ጥብጣብ የሚሠራ) መሆኑን ካወቁ ግን አይለኩት። ከብዙ መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ኦም ካሳየ ውስጡ ትራንስፎርመር ያለው ሃይ ኢምፒዳንስ ዳይናሚክ (በማግኔትና በጥቅል ሽቦ የሚሠራ ማይክ) ነው። መቶና ከዚያ በታች ከሆነ ሎው ኢምፒዳንስ ስለሆነ ጉዳዩ የኬብል ብቻ ነው። ምንም ካላነበበ ወይ ሽቦ ተበጥሷል ወይ ማይኩ ክሪስታል (በጥቅል ሽቦ ፈንታ በክሪስታል የሚሠራ) ነው።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት በሳውንድ ካርዱ የጊታር መግቢያ ይሞክሩት። ‹ኢንስት› የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ኢምፒዳንሱ ወደ 1 ሜጋ ኦም ገደማ ይወጣል። ኬብሉ አጭር ይሁን። ድምፁ እዚህ ከተከፈተ ማይኩ ጤነኛ ነው። ክሪስታል ከሆነም መፍትሔው ይኸው መግቢያ እንጂ ትራንስፎርመር አይደለም።

ለዳይናሚኩ የሚገዙት ማይክ ትራንስፎርመር ነው፤ ከ50 ኪሎ ኦም ወደ 200 ኦም የሚያወርድ፣ በአንድ ጫፉ የጃክ ቀዳዳ፣ በሌላው ወንድ ካነን ያለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ውስጡ ሽቦ ብቻ ያለው መቀየሪያ ከውጭ ሲታይ ከትራንስፎርመሩ አይለይም። ሱቁ ውስጥ እያሉ መልቲሜትሩን በጃኩ ጫፍና በፒን 2 መካከል ያድርጉ። 0 ኦም ካሳየ ትራንስፎርመር የለውም፤ አይግዙት። እውነተኛው በፒን 2 እና 3 መካከል አብዛኛውን ጊዜ በአስሮች የሚቆጠር ኦም ያሳያል።

ትራንስፎርመሩን ሳውንድ ካርዱ ጋ ሳይሆን ማይኩ አጠገብ ያድርጉት። ኬብል በአንድ ሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የመያዝ ባሕርይ) አለው፤ ከ50 ኪሎ ኦም ማይክ ጋር 6 ሜትር ሲሆን ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ይቆርጣል። ‹ሰ›፣ ‹ሸ› እና ‹ጸ› የሚደበዝዙት ለዚህ ነው። ስለዚህ ከማይኩ እስከ ትራንስፎርመሩ ከ2 ሜትር አይብለጥ፤ ከዚያ ወዲያ ተራ የካነን ኬብል 20 ሜትር ቢሄድም ችግር የለውም።

ማይኩ ላይ ያለውን መሰኪያ እባክዎ አይቁረጡት። ከመሰኪያው ጋር የሚገጥም አዲስ የኬብል ጫፍ ካልተገኘ አሮጌውን ኬብል ከማይኩ በኩል ካለው ጫፍ ሳይነኩ በሌላው ጫፍ ጃክ ከሌለው ይበይዱለት፦ የመሃሉ ሽቦ ወደ ጃኩ ጫፍ፣ ዙሪያውን የተጠለፈው ሽቦ ወደ አካሉ። ጎማው ከተሰነጣጠቀ ግን ኬብሉን ሙሉ በሙሉ ይለውጡ።

ጌይኑን (የሳውንድ ካርዱን የማይክ ማጉያ) ከዜሮ ተነሥተው ወደ 50 ወይም 60 ዲቢ ያድርሱ፤ ይህ ለዳይናሚክ የተለመደ ነው። እዝታው ካልጠፋ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለው በባትሪ ይሞክሩ። በባትሪ ከጠፋ ችግሩ ከቻርጀሩ ወይም ከሶኬቱ ግራውንድ ነው። የማይኩን ብረት በእጅ ሲነኩ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን የተጠለፈው ሽቦ የሆነ ቦታ ለቋል ማለት ነው፤ መጀመሪያ መሰኪያው ውስጥ ያለውን ብየዳ ይዩ።