ኮንትሮልና ሲን ሁለቴ ስጫን ኤዲተሩ ለምን ይሞታል?

ጥያቄ፦ በሲስተም ፋይቭ ዩኒክስ ላይ የሚሠራ ያረጀ ኤዲተር አለኝ፤ ኮዱን የምጠግነው እኔ ነኝ። ረጅም ፍለጋ ለማቋረጥ ኮንትሮልና ሲን አንዴ ስጫን ይታዘዛል። ቸኩዬ ስደጋግመው ግን አልፎ አልፎ ኤዲተሩ ራሱ ይሞትና ያላስቀመጥኩት ጽሑፍ ይጠፋል። ያው ኮድ ሊኑክስ ላይ እንዲህ አያደርግም። ኮንትሮልና ሲ የሚልከውን ሲግናል (ለፕሮግራሙ የሚደርስ የማቋረጫ መልእክት) የሚቀበል ፋንክሽን ጽፌአለሁ፤ ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ እርስዎ ምንም አልጎደለዎትም፤ ጉድለቱ የከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትምና እሱን በተከተለው ሲስተም ፋይቭ ፋንክሽንዎን የሚያስመዘግቡበት «ሲግናል» የተባለው ጥሪ የሚያገለግለው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሲግኢንት፣ ማለትም የኮንትሮልና ሲ ሲግናል፣ ሲደርስ ከርነሉ የእርስዎን ፋንክሽን ከመጥራቱ በፊት ምዝገባውን ይሰርዘዋል፤ ያልተመዘገበ ሲግኢንት ደግሞ ፕሮግራሙን ይገድላል። ዘበኛው አንዱን እንግዳ ለማስገባት ሲነሣ በሩን ክፍት ትቶ ይሄዳል እንደማለት ነው። ፋንክሽንዎ በመጀመሪያው መስመሩ ራሱን ዳግም እንደሚያስመዘግብ አልጠራጠርም፤ ሁላችንም እንዲያ እናደርግ ነበር። ሁለተኛው ሲግናል ከዚያች መስመር ቀድሞ ከደረሰ ግን አለቀ።

እኔ ይህን ያመንኩት ሁለት ቀን ሙሉ የሜሞሪ ስህተት ስፈልግ ከከረምኩ በኋላ ነው። እርስዎ አይድከሙ፦ ከዳግም ምዝገባው መስመር በላይ ሁለት ሰከንድ የሚያስተኛ ትእዛዝ ያስገቡና ሁለቴ ይጫኑ። አልፎ አልፎ ይመጣ የነበረው ሞት ሁለቴ በተጫኑ ቁጥር ይመጣል።

ሊኑክስ ላይ የሚተርፉት የሲ ላይብረሪው እ.ኤ.አ. በ1983 ከ4.2 ቢኤስዲ (ከበርክሊው ዩኒክስ) ጋር የመጣውን ሥርዓት ስለሚከተል ነው፤ ምዝገባው አይሰረዝም፣ ፋንክሽኑ እስኪጨርስም ያው ሲግናል ታግዶ ይጠብቃል። የዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች የጋራ መለኪያ የሆነው ፖዚክስ እ.ኤ.አ. በ1988 ይህንኑ በ«ሲግአክሽን» ደነገገው። ማሽንዎ ሲግአክሽን ካለው በእሱ ይተኩት፤ ሦስተኛው የሲስተም ፋይቭ እትም ከሆነ «ሲግሴት» ይበቃዎታል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ በሲግናል የተቋረጠ «ሪድ» (ግቤት የሚያነበው ጥሪ) ኔጌቲቭ አንድ ይመልሳል። ይህን የፋይል መጨረሻ ነው ብሎ ራሱን የሚዘጋ ኤዲተር አይቻለሁ፤ መጀመሪያ የስህተቱን ቁጥር የሚይዘው «ኤርኖ» «ኢኢንተር» (በሲግናል ተቋረጠ ማለት ነው) መሆኑን ይዩ።

ሲግአክሽንም ሲግሴትም ከሌሉ ዳግም ምዝገባውን ወደ ላይ በመግፋት አይድከሙ፤ ክፍተቱ ይጠብባል እንጂ አይዘጋም። እኔ ብሆን ሲግናሉን ጨርሶ እተወዋለሁ። ከተርሚናሉ ምርጫዎች «አይሲግ» የሚባለውን ያጥፉ፤ ኮንትሮልና ሲ ያኔ ሲግናል መሆኑ ቀርቶ ቁጥሩ 3 የሆነ ተራ ፊደል ሆኖ ይገባል። ፍለጋው በየመቶ መስመሩ ሳይቆም ግቤቱን ይመልከትና 3 ካገኘ ያቁም። ጣትዎ አሥር ጊዜ ቢደጋግም አሥር 3 ይሰለፋል፤ ትርፎቹን ጠርገው ወደ ጽሑፍዎ ይመለሳሉ።