እንቁጣጣሽ አርብ ሲውል አይስክሬም በለስላሳ እንዴት ይዘጋጃል?

ውድ እህቴ፣ ጥያቄዎን በጥሞና አነበብኩት። ለመጪው እንቁጣጣሽ ልጆችና አዋቂዎች ተደምረው 12 ያህል እንግዶች እንደሚጠብቁና አይስክሬም በለስላሳ ሊያቀርቡላቸው እንዳሰቡ ጽፈዋል። ባለፈው ገና ሲሞክሩት አረፋው ከብርጭቆው እየገነፈለ ጠረጴዛውን እንዳበላሸብዎት፣ አይስክሬሙም ለመጨረሻዎቹ እንግዶች ሳይደርስ እንደቀለጠ ገልጸው፣ ምን ማድረግ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ የምኖረው አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ አካባቢ ባለ ኮንዶሚኒየም ነው። ላለፉት ሰባት ዓመታት በየበዓሉ ይህንኑ ለቤተሰቤና ለጎረቤቶቼ ሳዘጋጅ ቆይቻለሁ፤ እርስዎን የገጠሙት ሁለቱም ችግሮች እኔንም ገጥመውኝ ያውቃሉ።

ከሁሉ አስቀድሜ በጥያቄዎ ውስጥ ያልተነሳ አንድ ጉዳይ ላስታውስዎ። መስከረም 1 ቀን 2019 ዓ.ም. አርብ ነው። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም አርብ ቢውሉ ጾሙ ይቀራል፤ እንቁጣጣሽ ግን ጾሙን አያስቀርም። ስለዚህ ከእንግዶችዎ መካከል የሚጾሙ ካሉ የወተት አይስክሬም ሊቀርብላቸው አይችልም። አንዱን የጾም፣ ሌላውን የፍስክ አድርጎ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ሆኖም ልጆች ብርጭቆ እየተቀያየሩ በሚጠጡበት ግብዣ ላይ ሁለቱን ለይቶ መጠበቅ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ሁሉንም የጾም ቢያደርጉት እመርጣለሁ። በአግባቡ ከተሠራ ማንም ወተቱ ጎደለ አይልም።

እኔ የምሠራው በኮኮናት ወተትና በሙዝ ነው። እያንዳንዳቸው 400 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሁለት ጣሳ ወፍራም የኮኮናት ወተት፣ በደንብ የበሰሉ 4 ሙዞች፣ 150 ግራም ስኳር፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና ቁንጥር ጨው በብሌንደር እፈጭና ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ ገልብጬ ፍሪዘር ውስጥ አስገባለሁ። ጠርዙ መርጋት ሲጀምር አውጥቼ በሹካ በኃይል አማታዋለሁ፤ ይህንንም በየ45 ደቂቃው ሦስት ጊዜ እደግመዋለሁ። ማማታቱ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣቶች እንዳይፈጠሩ ይረዳል። ስኳሩን ግን ለጤና በማሰብ በጣም አይቀንሱት፤ ስኳር ለጣዕም ብቻ ሳይሆን አይስክሬሙ እንደ ድንጋይ እንዳይደርቅ የሚያደርግ ነው። እኔ አንድ ጊዜ በግማሽ ቀንሼው ማንኪያ የማይገባበት ሆኖብኝ ነበር። ከዚህ መጠን 1.3 ሊትር ያህል ይወጣል፤ ለ12 ሰው አንዳንድ ስኩፕ ያደርሳል። በገበያ ከሚሸጠው የአትክልት ክሬም መሥራት ከፈለጉ ደግሞ ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። አንዳንዱ ዘይቱ የአትክልት ቢሆንም ከወተት የሚወጣ ሶዲየም ኬዝኔት የተባለ ፕሮቲን ስለሚገባበት ለጾም አይሆንም።

ለመጠጡ የአደይ አበባን ቀለም ማሰብ ደስ ይለኛል። ቀላሉ መንገድ የብርቱካን ጣዕም ያለው ለስላሳ መጠቀም ነው፤ እኔ ግን አናናስን ከጥቂት ስኳር ጋር ቀቅዬና አጥልዬ ካቀዘቀዝኩ በኋላ በአምቦ ውሃ አቀጥነዋለሁ። ጣፋጭነቱን ራስዎ ስለሚወስኑ፣ ስኳር ከበዛበት አይስክሬም ጋር ሲገናኝ ጣፋጭነቱ ከልክ አያልፍም። እግረ መንገዴን ልንገርዎት፦ በሌላ ጊዜ ከወተት አይስክሬም ጋር ሲሠሩት አናናሱን ሳይቀቅሉ አይጠቀሙ። ጥሬ አናናስ የወተትን ፕሮቲን የሚሰባብር ኢንዛይም ስላለው ትንሽ ሲቆይ ይመራል።

አሁን ወደ አረፋው ልምጣ። ለስላሳ ውስጥ በግፊት የታመቀው ጋዝ ሻካራ ነገር ሲያገኝ እዚያ ላይ አረፋ እየሠራ ይወጣል፤ የአይስክሬም ገጽ ደግሞ ጥቃቅን በረዶና አየር የሞላበት ስለሆነ ለዚህ የተመቸ ነው። ከወተት የተሠራ ከሆነ ፕሮቲኑና ቅባቱ አረፋውን ይዘው ያቆዩታል። በእኛ ከተማ ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጠርሙስ ሲከፈት ጋዙ ይበልጥ በኃይል ይወጣል። በውጭ አገር የአዘገጃጀት መመሪያ ላይ እንደሚታየው ብርጭቆውን እስከ አፉ መሙላት እዚህ የማያዋጣው ለዚህ ጭምር ይመስለኛል።

መፍትሔው ቅዝቃዜና ቅደም ተከተል ነው። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ጋዙን አጥብቆ ስለሚይዝ ለስላሳውን ወይም አምቦውን ከዋዜማው ጀምረው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት፤ ብርጭቆዎቹንም ከማቅረብዎ ግማሽ ሰዓት በፊት ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡ። ከዚያም ብርጭቆውን አዘንብለው መጠጡን ቀስ ብለው እስከ ግማሹ ይቅዱ፤ አረፋው ተመልሶ እስኪወርድ ይጠብቁ፤ በመጨረሻ አይስክሬሙን በማንኪያ ይዘው ሳይጥሉ በላዩ ያሳርፉ። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ አይስክሬሙን አስቀድሞ አስቀምጦ ለስላሳውን ከላይ ያንቆረቁርበታል፤ ጠረጴዛ የሚያበላሸውም ይኸው ነው። 300 ሚሊ ሊትር ለሚይዝ ብርጭቆ 150 ሚሊ ሊትር መጠጥ በቂ ስለሆነ ለ12 ሰው ሁለት ሊትር ያህል ያዘጋጁ።

መቅለጡን በተመለከተ፣ ስኩፑን እንግዳ ፊት ቆሞ ማውጣት ትልቁ ስሕተት ነው። አራተኛው ብርጭቆ ላይ ሲደርሱ ዕቃው ውስጥ ያለው ሁሉ ላልቷል። በዋዜማው ትሪ ላይ የኬክ ወረቀት አንጥፈው 12ቱንም ስኩፖች ደርድረው ይሸፍኗቸውና ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሯቸው። በበዓሉ ቀን የሚቀርዎት ማንሳትና ማሳረፍ ብቻ ይሆናል፤ ይህን ካደረግኩ ወዲህ የመጨረሻውም እንግዳ እንደ መጀመሪያው እኩል የቀዘቀዘ ነው የሚደርሰው። በዋዜማ መብራት የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ፍሪዘሩን አይክፈቱ፤ ሙሉ የሆነና ያልተከፈተ ፍሪዘር ቅዝቃዜውን ለረጅም ሰዓት ይይዛል። እኔ ክፍት ቦታ እንዳይኖር ውሃ የሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶችን አስቀድሜ በማቀዝቀዝ እጠቀጥቅበታለሁ። የወተት አይስክሬም ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ከቆየ ግን መልሶ ማቀዝቀዙ በረዶ የበዛበት ከማድረጉም በላይ ለሆድ አደገኛ ነው፤ ልጆች ለሚበሉት ነገር ሲባል መድፋቱ ይሻላል።

ስለሌሎቹ በዓላትም ስለጠየቁ በአጭሩ ልጨምር። ለገና የካርካዴን ቅላት የሚያህል የለም፤ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር አፍልቼ፣ አጣፍጬና አቀዝቅዤ በአምቦ አቀጥነዋለሁ። ሆኖም ካርካዴ ኮምጣጣ ስለሆነ ከበረታ ወተቱን ይቆርጠውና ነጫጭ ፍርፋሪ ይታያል። ስለዚህ ቀጠን ያለና በጣም የቀዘቀዘ ይሁን፤ እንደተዘጋጀም ወዲያው ይቅረብ። ለፋሲካ ከ55 ቀን ጾም በኋላ እውነተኛ የወተት አይስክሬም ይናፍቃል፤ ከዶሮ ወጥ በኋላ ወዲያው ማቅረብ ግን ለሆድ ይከብዳልና እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቃለሁ። ያን ጊዜ ከጀበና የተቀዳ፣ የቀዘቀዘ ቡና ውስጥ አንድ ትንሽ ስኩፕ አሳርፌ አቀርባለሁ። ለኢድ አልፈጥር ደግሞ ቴምር ፈጭቼ የቀላቀልኩበትን የወተት አይስክሬም ለጎረቤቶቻችን እወስድላቸዋለሁ፤ እነርሱም በቡና ነው የሚወዱት።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን የብርዙ ነው፤ ለመስቀል የማዘጋጀውም እርሱን ነው። አንድ ኩባያ ማር በአምስት ኩባያ ለብ ያለ ውሃ በጥብጬና አጥልዬ አቀዘቅዘዋለሁ፤ ሲቀርብ እኩል አምቦ ጨምሬበት አይስክሬሙን አሳርፍበታለሁ። የማሩ ሽታና የአምቦው ጨው ጨው ማለት ተስማምተው፣ ከሱቅ የሚገዛ ለስላሳ የማይሰጠው ጣዕም ይወጣዋል። እናቴ የለስላሳውን ዓይነት እንደ ልጆች ነገር ትቆጥረው ነበር፤ ይህን ከቀመሰች በኋላ ግን ራሷ «ብርዙን በርዘሽዋል?» እያለች ትጠይቀኛለች። ብርዙ በዋዜማው ተሠርቶ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፤ ከዚያ በላይ ውጭ ከቆየ መፍላት ይጀምራል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ስለማይሰጥ ብርዙም ለእርሱ አይሆንም።

በበዓሉ ዕለት ስድስቱን ብርጭቆ አቅርበው ከጨረሱ በኋላ ወደ ሌሎቹ ስድስት ይሂዱ እንጂ 12ቱንም በአንድ ጊዜ አይቅዱ። ልጆቹ አበባየሆሽ ብለው ዞረው ሲመለሱ ስለሚጠማቸው የመጀመሪያውን ዙር ለእነርሱ ይስጡ። ብርድ ይመታኛል ለሚሉ አዛውንት ደግሞ መጠጡን ቀድመው ከፍሪጅ አውጥተው፣ አይስክሬሙን በትንሽ ሳህን ለብቻው ያቅርቡላቸው፤ የወደደ ራሱ ይጨምርበታል። ረጅም እጀታ ያለው ማንኪያ ከሌለዎት ጎረቤት ይጠይቁ፤ በስትሮ ብቻ ከላይ ያለው አይስክሬም አይወጣም።