ሎጉን ሰርዘዋል፣ ዲስኩ ግን አልተለቀቀም

የጠያቂው ችግር ባጭሩ ይህ ነው፦ ዴቢያን (አንድ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ኤንጂንኤክስ የተባለውን የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም የሚያስኬድ ሰርቨር ዲስኩ ሞላ። 18 ጊጋባይት የደረሰውን የአክሰስ ሎግ (የጎብኚዎች ጥያቄ የሚመዘገብበትን ፋይል) አርኤም በተባለው የመሰረዣ ትእዛዝ ሰረዙት። ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላ የሚያሳየው ዲኤፍ አሁንም 100 ፐርሰንት ይላል፣ ፋይሎችን አንድ በአንድ የሚደምረው ዲዩ ግን 7 ጊጋ ብቻ ይቆጥራል። ሎጎችን በየጊዜው ሮቴት የሚያደርገው (አሮጌውን አስቀምጦ አዲስ የሚያስጀምረው) ሎግሮቴት ተጭኗል፣ ግን አይሠራም። ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው የሎግ ፎልደሩን ፈቃድ 777 (ማንም ሊጽፍበት የሚችል) አድርጎ ሄዷል። ሎጉን በእጅ እንዴት ሮቴት ላድርግ ብለዋል።

ዲኤፍና ዲዩ እንዲህ ሲራራቁ የምጠረጥረው የተሰረዘውን ፋይል ኤንጂንኤክስ አሁንም ከፍቶ እንደያዘው ነው። የተከፈቱ ፋይሎችን የሚዘረዝረውን ኤልሶፍን በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) መብት «ፕላስ ኤል 1» ጨምረው ያስኪዱት። ያ 18 ጊጋ ፋይል «ዲሊትድ» ተብሎ ከፕሮሰሱ (ፋይሉን ከያዘው በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ቁጥር ጋር ይወጣል።

ሪስታርት ለማድረግ አይቸኩሉ። ፕሮሰሱ ከቆመ ሎጉን መልሰው አያገኙትም። የሚፈልጉት ከሆነ በፕሮክ ፎልደር ሥር ወደ ፕሮሰሱ ቁጥር፣ ከዚያ ወደ ኤፍዲ (ፕሮሰሱ የከፈታቸው ፋይሎች ወዳሉበት) ይግቡና ኤልሶፍ ያሳየዎትን የፋይል ቁጥር በሲፒ ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱ። ከዚያ ኤንጂንኤክስን በ«ሰረዝ ኤስ ሪኦፕን» ሎጉን እንደገና ያስከፍቱት። ቦታው ያኔ ይለቀቃል።

ይህን በደንብ የተረዳ ሰው ሎግ ላይ አይሳሳትምና ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ሊኑክስ ላይ የፋይል ስምና ፋይሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፎልደር ማለት ስምንና የአይኖድ (ፋይሉ በዲስኩ ላይ ያለው መዝገብ) ቁጥርን የሚያጣምር ዝርዝር ነው፤ ዳታው የተያያዘው ከአይኖዱ ጋር ነው። አርኤም የሚያጠፋው ስሙን ብቻ ነው። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ቦታውን የሚያስለቅቀው ስሞቹም የከፈቱት ፕሮሰሶችም ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ነው። ኤንጂንኤክስ ደግሞ ፋይሉን አንዴ ከከፈተ በኋላ ስሙን አይመለከትም፤ የሚጽፈው በያዘው አይኖድ ላይ ነው። ስለዚህ ከተሰረዘም በኋላ መጻፉን ይቀጥላል፣ ዲዩም ስም ስለሌለው አያየውም። ስም መቀየሪያው ኤምቪም እንዲሁ ነው፦ በአንድ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ውስጥ ስሙን ቀየሩት ማለት አይኖዱ ያው ነው፣ ኤንጂንኤክስም በአዲሱ ስም ሥር ይጽፋል። ወደ ሌላ ፓርቲሽን ከሆነ ግን ኤምቪ ማለት ቀድቶ መሰረዝ ነው፤ አሁን የገጠመዎት ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ በእጅ ሲሠሩ ቅደም ተከተሉን አይቀይሩ። መጀመሪያ አክሰስ ሎግን እዚያው ፎልደር ውስጥ መጨረሻው ላይ «ነጥብ 1» ጨምረው በኤምቪ ስሙን ይቀይሩ። ቀጥሎ ሪኦፕን። ከዚያ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ፣ ዎርከሮቹ (ሥራውን የሚሠሩት የኤንጂንኤክስ ፕሮሰሶች) ሁሉ ወደ አዲሱ ፋይል መዞራቸውን በኤልሶፍ ይዩ፣ በመጨረሻ አሮጌውን በጂዚፕ ይጨምቁ። ገና እየተጻፈበት ያለውን ከጨመቁ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ይጠፋሉ። ጂዚፕ አሮጌውን የሚሰርዘው አዲሱን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ስለሆነ ዲስኩ ላይ ትርፍ ቦታ ይፈልጋል።

ሪኦፕን ማለት ለኤንጂንኤክስ ዩኤስአር1 የተባለውን ሲግናል (ለፕሮሰስ የሚላክ አጭር መልእክት) መላክ ነው። ይህን ሲግናል ለማያስተናግድ ፕሮግራም ከላኩት ፕሮግራሙ ይሞታል። እንደገና መክፈት ለማይችል ፕሮግራም ሎጉን ቀድቶ ዋናውን ባዶ የሚያደርገው የሎግሮቴት «ኮፒትራንኬት» አለ፤ በመቅዳትና ባዶ በማድረግ መካከል የተጻፈው ግን ይጠፋል።

ሎግሮቴትን ያቆመው ያ 777 ይመስለኛል። ማንም ሊጽፍበት የሚችል ፎልደር ሲያገኝ አደገኛ ፈቃድ ብሎ ይዘለዋል። «ሰረዝ ዲ» ጨምረው ያስኪዱት፤ ምንም ሳይነካ ምክንያቱን ይነግርዎታል። ፎልደሩን ወደ 755 (ባለቤቱ ብቻ ወደሚጽፍበት) ይመልሱት፣ ባለቤቱ ሩት ይሁን። ፈቃድ ባስቸገረ ቁጥር 777 መለጠፍ ጥገና አይደለም፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው ችግር መቅበር ነው። በየሌሊቱ በክሮን (ሥራ በተወሰነ ሰዓት በሚያስጀምረው ፕሮግራም) ሎግ የሚሰርዙ ከኢንተርኔት የተገለበጡ መስመሮችም ያው ናቸው፤ ክሮንታብዎን (የክሮን ሥራ ዝርዝርዎን) ይፈትሹ። ብዙ ርካሽ ቪፒኤስ (የሚከራይ ቨርቹዋል ሰርቨር) በአንድ ፓርቲሽን መምጣቱም ያበሳጫል፣ ሎጉ ሲሞላ ዳታቤዙም አብሮ ይቆማልና። ሎጎቹ ለሚቀመጡበት ለቫር ሎግ ፎልደር የራሱን ፓርቲሽን ይስጡት።

አሁንም እላለሁ፦ የተከፈተ ሎግን በአርኤም አይንኩ። ቦታ አጥተው ከተጨነቁና ሎጉ የማያስፈልግ ከሆነ በትራንኬት ትእዛዝ መጠኑን ዜሮ ያድርጉት፤ አይኖዱ ሳይለወጥ ቦታው ይለቀቃል።