ለሩብ ሄክታር ወራሾች

ከኮሌጅ ወጥታችሁ ወደ አባታችሁ ማሳ ለተመለሳችሁና ለመመለስ ለምታስቡ ወጣቶች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

የምጽፍላችሁ ስለ ሁለት ነገር ነው፤ ስለ አዳዲስ የፍራፍሬ ዓይነቶችና ስለ ልጅ ብዛት። ሁለቱ የማይገናኙ ሊመስሏችሁ ይችላሉ። እኔ ግን የፍራፍሬ ባለሙያ ሆኜ በሲዳማ ቀበሌዎች ስዞር ለያይቼ ሰምቻቸው አላውቅም። ከአንድ ገበሬ ጋር ስለ አቮካዶ ችግኝ ስናወራ ጨዋታው ሳይታወቀን ወደ ልጆቹ ይዞራል፤ የትኛው ትምህርቱን እንደጨረሰ፣ የትኛው መሬት አካፍለኝ እንዳለ፣ የትኛዋ ዓረብ አገር እንደሄደች። ገበሬው ዛፉንና ልጁን የሚያስበው በአንድ ማሳ ላይ ስለሆነ ወሬውም አንድ ነው።

በእናንተ የምታዘበው ነገር አለ። ልጅ መውለድን በተመለከተ ሽማግሌዎች ከሚወቅሷችሁ ይልቅ እጅግ አስባችሁበታል። ፍራፍሬን በተመለከተ ግን «ጎበዝ፣ አዲስ ነገር ሞካሪ» እየተባላችሁ የምትሞገሱትን ያህል አላሰባችሁበትም። በጥንቃቄያችሁ ትሰደባላችሁ፤ በችኮላችሁ ትመሰገናላችሁ። ይህን ላገላብጠው ነው የተነሣሁት።

ሰሞኑን ከወጣት የሚመጣልኝ ጥያቄ በአብዛኛው ስለ ድራጎን ፍሩት ነው። ቀይ ልጣጩ፣ በጥቁር ፍሬ የተነቆጠው ሥጋው በስልክ ስክሪን ላይ ያምራል፤ አልክድም። ቁልቋል ነው፤ ተደግፎ የሚወጣ ቁልቋል። እያንዳንዱ ተክል ለዓመታት ክብደቱን የሚሸከምለት ጠንካራ ምሰሶ ይፈልጋል። አበባው የሚፈነዳው በሌሊት ሲሆን ሲነጋ ይጠወልጋል። ብዙዎቹ ዝርያዎች በራሳቸው የአበባ ዱቄት አያፈሩም፤ ከሌላ ዝርያ ዱቄት ወስዶ በእጅ የሚያዳርስ ሰው ያሻቸዋል። ታዲያ ችግኙን ከመግዛታችሁ በፊት፣ በየትኛው ሌሊት ማን ባትሪ ይዞ እንደሚወጣ ተነጋግራችኋል? ፍሬው ሲደርስስ የከተማችሁ ጭማቂ ቤት ስንት ኪሎ ይወስዳል? ከአንድ ሆቴል በቀር ጠያቂ ከሌለው፣ ያ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ በቀየረ ማግስት የናንተ እርሻ ምን ይሆናል? ይህን ሁሉ መልሳችሁ የምትተክሉት ከሆነ እኔ ራሴ መጥቼ አያችኋለሁ። «ሌላው ሰው ስላልተከለው ውድ ነው» የሚለው ምክንያት ግን አልበቃኝም። ውድ የሆነው ፍሬው ሳይሆን ችግኙ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡን የሚያገኘውም ችግኝ ሻጩ ብቻ።

እንግዳ ፍሬ አትትከሉ እያልኩ አይደለም። ዛሬ የእኛ የምንላቸው ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ግሽጣ፣ ካዝሚር ሁሉም በየጊዜው በእንግድነት የመጡ ናቸው። አቮካዶ ከመካከለኛው አሜሪካ ተነሥቶ እኛ ዘንድ የደረሰው በ1930ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው፤ መጀመሪያ በሂርናና በወንዶ ገነት ጥቂት የግል አትክልተኞች ተከሉት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከቡናና ከእንሰት ጋር በየጓሮው ሲኖር ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። ዛሬ በአዲስ አበባ ስፕሪስ ያለ አቮካዶ አይታሰብም። እንግዳ ባለቤት እስኪሆን ድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀ ግን ልብ በሉ።

አቮካዶን ካነሣሁ አይቀር ትንሽ ልቆይበት፤ ከምክሬ ሁሉ የሚጠቅማችሁ እዚህ ላይ ያለው ሳይሆን አይቀርም። ከፍሬው የበቀለው የአገሩ ዛፍ ሰፊና ረጅም ነው፤ ጥላው ከበድ ስለሚል ከሥሩ ያለ ቡናና እንሰት ይቀጭጫል። ፍሬ ለመስጠትም ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፤ ሲሰጥም የእናቱን ዓይነት ለመስጠቱ ማረጋገጫ የለም። የተዳቀለው፣ ማለትም የታወቀ ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ላይ የተቀጠለበት፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ማፍራት ይጀምራል፤ ምን ዓይነት ፍሬ እንደሚሰጥም ቀድሞ ይታወቃል። ሃስ የሚባለው ዝርያ፣ ያ ወፍራም ልጣጭ ያለውና ሲበስል የሚጠቁረው፣ ወደ ውጭ የሚላከው እሱ ነው። በዓለም ያለው የሃስ ዛፍ ሁሉ በካሊፎርኒያ ሩዶልፍ ሃስ የተባለ ፖስተኛ ግቢ ከበቀለች አንዲት ዛፍ የተቀጠለ ነው። ሰውዬው ሌላ ዝርያ ሊቀጥልባት ሞክሮ ስላልያዘለት ሊቆርጣት ነበር ይባላል፤ ፍሬዋን የወደዱት ልጆቹ ናቸው ያስተዉት። በ1935 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ወሰደባት፤ እናቲቱ ዛፍም እስከ 2002 ድረስ ቆመች።

የአቮካዶ አበባ ጠባይ የሚገርም ነው። አንዱ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ሴት ሆኖ፣ በማግስቱ ወንድ ሆኖ። ሃስ ጠዋት ሴት ሆኖ ይከፈትና በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንድ ሆኖ ይመለሳል። ፉኤርቴና ኤቲንገር የተባሉት ደግሞ በተቃራኒው ከሰዓት በኋላ ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች ጎን ለጎን ሲኖሩና ንብ ሲመላለስባቸው ምርቱ ይሻላል። ማሳውን በሙሉ ሃስ ብቻ የሞላ ወጣት ሳይ «ንቡስ? ጓደኛውስ?» እላለሁ። ሌላው ጠላት ውኃ ነው። የሚተኛ ውኃ ባለበት ጥቁር አፈር ላይ የተተከለ አቮካዶ በሥር አበስባሽ በሽታ ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል፤ ዛፉ መታመሙን የምታውቁት ሥሩ ካለቀ በኋላ ነው። ተዳፋት ምረጡ፣ በደንብ ጎዝጉዙ፣ ጉዝጓዙን ግን ከግንዱ አርቁ።

ደላላውን አልረሳሁትም። ፍሬው ገና ዛፍ ላይ ሳለ ዛፉን በቁሙ ገምቶ ይገዛችኋል፤ ጥሬ ገንዘቡ የሚመጣው መስከረም ላይ፣ የትምህርት ቤት ወጪ ሲያንቃችሁ ነው። አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ አይበስልም፤ ደርሶ ከተለቀመ በኋላ ነው የሚለሰልሰው። ሳይደርስ የለቀሙት ግን ይጨማደዳል እንጂ አይለሰልስም። ደላላው ቸኩሎ ያራገፈው ፍሬ ገበያ ላይ ስማችሁን ያጠፋል። በመቀስ እየቆረጡ፣ እግሩን ትንሽ ትተው፣ በሳጥን የሚያወርዱ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ከገዢ ጋር ሲደራደሩ አይቻለሁ፤ ዋጋቸው ከጎረቤቶቻቸው ይሻል ነበር።

አቮካዶው እስኪያፈራ ያሉትን ዓመታት ምን ትበላላችሁ? ለዚህ ፓፓያ አለ። በዓመቱ ያፈራልና በአቮካዶው መካከል ጣልቃ ይተከላል። ተባዕትና እንስት ተክል ስላለው በአንድ ጉድጓድ ሦስት አድርጋችሁ ተክላችሁ አበባ ሲያወጣ ትርፉን ወንድ ንቀሉ። ጫት ነቅላችሁ ለተከላችሁት ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ብር ያሳያችሁ ነበር፤ ፍራፍሬ ያንን አያደርግም። የጎረቤታችሁን ጫት ስታዩ የሚያስቆጫችሁም ይህ ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የአባታችሁ ማሳ ግማሽ ሄክታር ነው እንበል፤ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በወላይታ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ግማሽ ሄክታር አምስት ሺህ ካሬ ሜትር ነው። የተዳቀለ አቮካዶ ስድስት በስድስት ሜትር ሲተከል አንዱ ዛፍ ሠላሳ ስድስት ካሬ ይይዛል። ወራሾቹ ስድስት ከሆኑ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወደ ሃያ ሦስት ዛፍ ነው፤ ያውም ቤት ሳይሠራበት፣ እንሰት ሳይቀርለት። ሁለት ከሆኑ ግን ስድሳ ዘጠኝ ዛፍ ለየራሳቸው ይይዛሉ። በሃያ ሦስት ዛፍ ላይ ገዢ መኪና አይልክም፤ በስድሳ ዘጠኙ ላይ ግን ድርድር አለ። መሬት ደግሞ በሕገ መንግሥታችን አይሸጥም አይለወጥም፤ የጎረቤትን መሬት ገዝቶ ማስፋት የለም። ይህን ሒሳብ ማንም ሳያስተምራችሁ ሠርታችሁታል። ሁለት ወይም ሦስት ልጅ ይበቃናል የምትሉት ፈረንጅ ስለመከራችሁ አይደለም።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ያሉትን አያቶቻችንን ግን እንደ ሞኝ አትቁጠሯቸው። እነሱም በልካቸው ሒሳብ ሠርተዋል። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአንድ ሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ያሳያል፤ ከስድስቱ አንዱ ማለት ነው። ከዚያ በፊትማ የባሰ ነበር። ሦስት እንዲቀሩለት የሚሻ ሰው ሦስት ብቻ አይወልድም። በ2016 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ፤ ክትባቱ፣ አጎበሩ፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም አለበት። እነዚያው ሴቶች የሦስት ወሩን መርፌ ከቤት ደጃፍ አቀረቡት። በ2000 እ.ኤ.አ. ባል ካላቸው ሴቶች ከመቶ ስምንቱ ብቻ ነበሩ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ፤ በ2016 ሠላሳ ስድስት ሆኑ። አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ በ1990 እ.ኤ.አ. ወደ 6.4 ልጅ ነበር፤ በ2016 ወደ 4.6 ወርዷል።

መሬት ብቻ ነው ምክንያቱ እንዳትሉ ደግሞ አዲስ አበባን ተመልከቱ። እዚያ የሚከፋፈል ማሳ የለም፤ ነገር ግን የአንዲት ሴት አማካይ በ2016 እ.ኤ.አ. 1.8 ልጅ ነበር፤ በገጠር 5.2 ሲሆን። ቀደም ብሎም፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የዋና ከተማዋ ሰው ሁለት ልጅ እንኳ ከማይሞላ አማካይ ላይ ደርሶ ነበር። አጥኚዎች ጋብቻ መዘግየቱን፣ የቤት እጦትን፣ ሥራ አጥነትን ይጠቅሳሉ። የምትኖርበትን ቤት ያላወቀች ሴት ሰርግ ታስተላልፋለች፤ ሰርጉ ሲተላለፍ ልጁም ይተላለፋል። ኢራንም ብትሄዱ፣ ብራዚልም ብትሄዱ የየራሱ ምክንያት ይኑረው እንጂ መንገዱ ወደዚያው ነው።

እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው የልጃገረዶችን ትምህርት ነው። አሥረኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ከመርፌው በፊት ጥያቄ አላት። ባሎቻቸው ሳያውቁ መርፌ ሲወጉ የኖሩ ስንት እናቶች እንዳሉ በቀበሌው የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። እናንተ ወንዶች፣ ሚስታችሁ ተደብቃ የምትወስነው ውሳኔ በቤታችሁ ካለ፣ ችግሩ መርፌው ላይ አይደለም።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሁሉም ልጅ ያልወለደ በሒሳብ አይደለም ያልወለደው። የፈለጉ ሆነው ያላገኙ አሉ፤ በየሰርጉና በየልቅሶው «መቼ ነው?» ስትሏቸው የሚመልሱት ፈገግታ ዋጋ ያስከፍላቸዋል። ጠያቂው አክስታችሁ ብትሆን እንኳ ወሬውን ቀይሩባት።

ሽማግሌዎቹ ከሚያነሡት ውስጥ አንዱን ግን በቁም ነገር እወስዳለሁ፤ «ስናረጅ ማን ይጦረናል?» ይላሉ። የገበሬ ጡረታ የለንም፤ ልጅ ነበር ጡረታው። ሁለት ልጅ ያለው ገበሬ አንዱ ከተማ፣ አንዱ ባሕር ማዶ ቢቀር ቡና የሚለቅምለት የለም። ለዚህ ነው ዛፍ የሚመች። በቆሎ በየዓመቱ የሚያርስ፣ የሚዘራ፣ የሚያርም፣ ዝንጀሮ የሚጠብቅ እጅ ይጠይቃል፤ በጥሩ ሁኔታ የተገረዘ የአቮካዶ ማሳ በለቀማ ጊዜ ቀጥሮ ማሠራት ይቻላል። ስለዚህ አባታችሁ በስልሳ ዓመቱ ዛፍ ልትከል ሲል «ለማን ብለህ?» አትበሉት። ቢገረዝም አቮካዶ አንድ ዓመት በርክቶ በሚቀጥለው ዓመት ሊሰስት ይችላልና፣ የተትረፈረፈበትን ዓመት ብር አስቀምጡለት።

አንድ ችግኝ መሬት ሳይነካ በፊት የምትሠሩት ሥራም አለ። ያልተከፋፈለ የአባት ማሳ ላይ ዛፍ አትትከሉ። በቆሎ በዓመቱ ስለሚታጨድ ወንድም ከወንድም ቢጣላ ከአንድ ምርት በኋላ ይታረቃል፤ ዛፍ ግን ሠላሳ ዓመት ይቆማል፤ ማሳው ሲከፈል ዛፉ በማን ድርሻ ላይ እንደወደቀ፣ ካሣውን ማን እንደሚከፍል ሽማግሌም ፍርድ ቤትም ይቸገርበታል። ከዓረብ አገር ገንዘብ ልካ ችግኙን የገዛችው እኅታችሁ ስሟ በወረቀቱ ላይ ከሌለ፣ ተመልሳ ስትመጣ እንግዳ ትሆናለች፤ ሕጉ ግን ከወንድሟ አያሳንሳትም። ስለዚህ ወላጆች በሕይወት እያሉ ቀበሌ መሬት አስተዳደር ሂዱ፤ ድርሻው ይለካ፤ የባልም የሚስትም፣ የወንድምም የእኅትም ስም ይግባ፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ቅጂ እያንዳንዳችሁ ያዙ። ጉድጓዱን ከዚያ በኋላ ቆፍሩ፤ ክረምቱ ሳይገባ፣ ስድሳ ሳንቲ ሜትር በስድሳ፣ የላዩን አፈር ለብቻ አውጥታችሁ።