ወደ ኮሪያ ለምትሄዱ ልጆች፦ ስለ ቅዳሜና እሑድ

ውድ ልጆች፣

የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝታችሁ ወደ ደቡብ ኮሪያ ለመሄድ ስትሰናዱ ወደ እኔ እየመጣችሁ ስለ ብርዱ፣ ስለ ምግቡና ስለ መምህራኑ ጥብቅነት ትጠይቁኛላችሁ፤ ስለ ቅዳሜና እሑድ የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ የለም። እኔ በመንገድ መሀንዲስነት ዴጆን በምትባለው ከተማ አራት ዓመት ስኖር፣ የመጀመሪያውን ዓመት የዕረፍት ቀኖች በሙሉ ከማደሪያዬ ሳልወጣ፣ እንጀራ እየናፈቅሁና ወደ አዲስ አበባ ስልክ እየደወልሁ ነው የጨረስኋቸው። በዚያ ዓመት ሥራዬን ተምሬ ይሆናል፤ አገሩን ግን አላየሁትም፣ ከሰዎቹም አንዱን እንኳ በቅጡ አላወቅሁም።

በኮሪያ መሥሪያ ቤት ማዕረግና ዕድሜ ሁሉን ይገዛሉ። ታላቅን በስሙ ብቻ መጥራት ነውር ነው፤ ዕቃ የሚሰጡትም የሚቀበሉትም በሁለት እጅ ነው፤ በዚህ በኩል የእኛ አገር ልጅ ቶሎ ይለምዳል። ሆኖም በሥራ ቀን ከአለቃችሁ ከሰላምታና ከትእዛዝ ያለፈ ቃል አትጠብቁ። ለዓመት ያህል በዝምታ ሲያሠራኝ የኖረው የክፍሌ ኃላፊ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በአጋጣሚ ተራራ ላይ ሲያገኘኝ፣ ከቦርሳው ኪያር አውጥቶ ለሁለት ሰብሮ ግማሹን ሰጠኝና ስለ እናቴ ጠየቀኝ።

ስለዚህ በተራራ ጀምሩ። የደቡብ ኮሪያ ረጅሙ ተራራ፣ በጄጁ ደሴት የሚገኘው ሃላሳን፣ ከፍታው 1,947 ሜትር ነው፤ የአገሩ ጣራ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ይህን እያሰብሁ ሴኡል ዳር ወዳለው ቡካንሳን ስሄድ፣ ጫፉ 836 ሜትር ብቻ ነው ብዬ ንቄው ነበር። ሆኖም የመጨረሻው አቀበት የብረት ገመድ ይዘው የሚወጡት ራቁት አለት ነውና፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው እናቶች በፀሐይ መከላከያ ኮፍያቸው እየሳቁ አልፈውኝ ሲሄዱ እኔ ገመዱን አቅፌ ቀረሁ። አንድ ተራራ መርጣችሁ ደጋግማችሁ ውጡ፤ በሦስተኛው ጊዜ የሚያውቃችሁ ሰው ይኖራል።

ከተራራው ቀጥሎ በዓላት አሉ፤ ሁሉም ግን እኩል አይደሉም። በሐምሌ በቦርዮንግ የባሕር ዳርቻ የሚደረገው የጭቃ ፌስቲቫል፣ በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከአካባቢው ጭቃ የሚሠራውን መዋቢያ ለማስተዋወቅ የተጀመረ ነው። አንድ ጊዜ ሂዱ፣ አሮጌ ጫማ አድርጉ፣ መነጽር የምታደርጉ ከሆነ በገመድ እሰሩት፤ የእኔው እስከ ዛሬ እዚያው ጭቃ ውስጥ አለ። የውጭ አገር ሰው በብዛት የሚመጣበት ስለሆነ ግን ሁለተኛ ጊዜ መሄድ አያስፈልግም። ጂንሄ በምትባለው ስፍራ የሚደረገውን የቼሪ አበባ በዓልም አይቻለሁ፤ ከአበባው ይልቅ የማስታውሰው የሰውን ብዛት ነው።

አንዶንግ የምትባለው ከተማ ግን ሌላ ናት። በመስከረም አጋማሽ ገደማ፣ ብዙ ጊዜ ከመስቀል በዓላችን ሰሞን፣ የጭንብል ጭፈራ በዓል ይከበርባታል፤ አጠገቧም የናክዶንግ ወንዝ የሚጠመጠምባት ሃሆ የምትባል ጥንታዊ መንደር አለች። በዚያ ጨዋታ የመንደሩ ተራ ሰው ጭንብል አጥልቆ ባላባቱንና መነኩሴውን እፊታቸው ይዘልፍ ነበር። አንዱ ጨዋ የኮንፊሽየስ ትምህርት መሠረት የሆኑትን አራቱን መጻሕፍትና ሦስቱን ጥንታዊ ድርሳናት አንብቤአለሁ ብሎ ሲመጻደቅ፣ ሌላው እኔማ ስምንቱን መጻሕፍትና ስድስቱን ድርሳናት አንብቤአለሁ ይላል፤ እንዲህ ያሉ ስምንት መጻሕፍት ግን የሉም። ቋንቋውን በደንብ ሳላውቅ በዚህ ስስቅ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ተገርመው አዩኝ። በሰምና ወርቅና በአዝማሪ ግጥም ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ከጭንብሎቹ አንዱ፣ ኢሜ የሚባለው፣ አገጭ የለውም፤ በአፈ ታሪኩ መሠረት ሠሪው ማንም ሳያየው ጨርስ ተብሎ ሳለ የምትወደው ልጃገረድ በቀዳዳ ስላየችው ሳይጨርሰው ሞተ።

በጥር ህዋቾን በምትባለው ወረዳ የበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድ በዓል አለ። ከጥምቀታችን ጋር በአንድ ወቅት ስለሚውል፣ ቁምጣ ለብሰው በረዶ ውኃ ውስጥ ዘለው እየገቡ ዓሣ በእጃቸው የሚይዙትን ሳይ፣ ጃን ሜዳ ላይ ውኃ ሲረጭብን የምንሸሸው ትዝ አለኝ። ያ ተራራማ አካባቢ በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ የተዋጋበት ነው። ስለዚህ ከዚያ ስትመለሱ ቹንቾን ከተማ ውረዱ። በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመረቁት የዘማቾቻችን ሐውልት በጎንግጂቾን ወንዝ ዳር ቆሟል፤ በጎጆ ቤቶቻችን አምሳል ጣራው የተሠራው መታሰቢያ አዳራሽ በዚያው አቆጣጠር በ2007 ተከፍቷል፤ አቅራቢያውም በዚያው በ1968 የተከፈተ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ። ከ6,000 በላይ ሰው ዘምቶ ከ120 በላይ በሞት የቀረበትን ይህን ታሪክ ኮሪያውያን ከእኛ አስቀድመው ያነሡታል፤ የታክሲ ሾፌር ከየት መጣህ ብሎኝ አገሬን ስነግረው፣ እኔ የማላውቀውን ነገረኝና አፈርሁ። እኔ ቹንቾንን ለመጨረሻው ወር አስቀምጬ ነበር፤ እናንተ በመጀመሪያው ወራችሁ ሂዱ።

ከሁሉ የሚበልጠው ቅዳሜና እሑድ ግን በየትኛውም የበዓል መርሐ ግብር ላይ አይገኝም። ቹሶክ በጨረቃ አቆጣጠር በስምንተኛው ወር በ15ኛው ቀን የሚከበር የመከር በዓል ነው፤ ከበዓሉ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ ቤተሰብ ተሰብስቦ በኮረብታ ላይ ያሉትን የአያቶች መቃብር ሣር ያጭዳል፤ ይህን ቦልቾ ይሉታል። ያ ኪያር የሰጠኝ ኃላፊዬ፣ እሑድ ሥራ አለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝና ወደ ደቡብ ወደ ትውልድ መንደሩ ወሰደኝ። በሞተር የሚሠራ ማጨጃ በትከሻዬ አንጠለጠለልኝ፤ ከመጀመሬ በፊት ግን የተርብ ጎጆ እንዳለ ለማወቅ አፈር ወደ ሣሩ በተነ፤ በየዓመቱ በዚህ ሥራ ላይ በተርብ የሚነደፍ አይጠፋምና። ሦስት ወንድማማቾችና እኔ እስከ ቀትር አጨድን፤ ክብ ክብ የሆኑት ጉብታዎች ተላጭተው ታዩ።

ከዚያ ፍራፍሬና መጠጥ ቀርቦ ወንድማማቾቹ ሊሰግዱ ተሰለፉ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝና ጨነቀኝ፤ በጥቂቱ ኮሪያኛዬ በትሕትና ነገርኋቸው፤ አንተ ቁመህ ጠብቀን አሉኝ እንጂ ማንም አልተቆጣም። በኮሪያም ብዙ ክርስቲያን ቤተሰቦች በስግደቱ ፈንታ ጸሎት ያደርጋሉ። ቆሜ ሳለሁ ያሰብሁት ግን ስለ እነሱ አልነበረም፤ የአባቴን መቃብር ካየሁ ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ስንመለስ እናቱ አንድ ነገር በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ በሁለት እጄ ተቀበልሁ። ማደሪያዬ ደርሼ ስፈታው የኮሪያ አረቄ የሆነው የሶጁ አረንጓዴ ጠርሙስ ነው፤ የአገሩ እናቶች በቤት ያስጨመቁትን የሰሊጥ ዘይት ባዶ የሶጁ ጠርሙስ ውስጥ ሞልተው ነው ለልጆቻቸው የሚያስይዙት። አብሮኝ የሚኖረው የጎንደር ልጅ ጠርሙሱን አይቶ መጠጥ ጀመርህ እንዴ ብሎ ደነገጠ፤ የረቡዕ ሽሮአችንን በእሱ ሠራሁለት።